በመተኮሻ ክፍሉ ሁሉም እጁን ያነሳበት ጠዋት

የቃል ሰጪ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታዋ “እትዬ አንሶላ” የምትባል (ሙሉ ስሟ ለደህንነቷ ሲባል ለብቻው ተመዝግቧል)
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ በልብስ ማጠቢያ ድርጅት አንሶላ መተኮስ
አድራሻ፦ ከድርጅቱ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

መጠሪያዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ትናንት ሰኞ በመተኮሻ ክፍሉ ስለተፈጠረው ነገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሁከት አስነስታለች ተብላ የታሰረችውን ልጅ አውቃታለሁ። “ቀጭኗ” እያልን የምንጠራት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ዝምድናም ጠብም የለንም። ከሳሹን የክፍል ኃላፊም አውቀዋለሁ። የባለቤቱን ልጅ አግብቶ በሠርጉ ሰሞን ስለተሾመ ሠራተኛው “ሙሽራው” ይለዋል። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

አንሶላ የምንተኩስበት ማሽን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ፣ የሚሽከረከር የጋለ ብረት ነው። ሁለት ሴቶች ከፊት ያጎርሱታል፣ ሁለት ከኋላ ይቀበሉታል። ማስነሻ ቁልፉ ያለው በጎኑ ስለሆነ የሚጫነው ሰው በአንሶላው ተጋርዶ የምንሠራበትን አያይም። ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ እንደገና ከመነሳቱ በፊት አራታችንም ሁለት እጃችንን ከራሳችን በላይ እናነሳለን። ቁልፉ ላይ ያለው ሰው ስምንት እጅ ካልቆጠረ አይጫንም። ልማዱ እኔ ስቀጠር የነበረ ነው። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት እጇን ከተበላች ወዲህ የመጣ ነው ይባላል።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ የአንድ አንሶላ ጫፍ ተጠምጥሞ ማሽኑ ቆመ። ቀጭኗ ጎንበስ ብላ ጫፉን እየመዘዘች ሳለ ሙሽራው መጣ። አንሶላውን የሚወስደው የሆቴል መኪና ደጅ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። “ምን ተገትራችሁ ትተያያላችሁ?” አለን። እኔም “ጌታው፣ ልጅቱ እጇን አላነሳችም፤ ትንሽ ይታገሡ” አልኩት። እሱም “እማማ፣ እጅ የሚወጣው ትምህርት ቤት ነው፤ እዚህ ይሠራበታል” ብሎ ቁልፉን ተጫነው። ማሽኑ የልጅቱን ቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች ጎረሰ። የማቆሚያውን ገመድ የሳብኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ “እናቴ ድረሽልኝ!” ብላ ጮኸች። ከዚህ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። ለአመፅ ሰው ጠርታለች ከተባለ የጠራችው የሞተች እናቷን ነው፤ እሷም አልመጣችም።

እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ከትተን የልብስ ክምር ላይ አስቀመጥናት። ሙሽራው ፊቱ አመድ መስሎ “በሉ፣ ሌላ ሰው ይተካትና ማሽኑ ይነሳ። እሷ በምሳ ሰዓት ሐኪም ቤት ትሄዳለች” አለ። በዚህ ጊዜ እጆቼን አነሳሁ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ አነሱ። ልብስ የሚያጣጥፉት አነሱ። ጩኸቱን ሰምተው ከማጠቢያው ክፍል የመጡትም አነሱ፤ ውሃው በክርናቸው ይንጠባጠብ ነበር። “ምን መሆናችሁ ነው?” ሲል አንዷ “እንዲቆጥሩን ነው፣ ሙሽራው” አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እጅ ከማንሳታችን ይልቅ ሳቁ ያናደደው ይመስለኛል። “አውርዱ!” አለ። “ልጅቱን ሐኪም ይያትና እናወርዳለን” አልኩት። በሩን ከውጭ ቆልፎ አመፅ ተነሳ ብሎ ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ መጥቶ እስኪከፍት ድረስ ልጅቱ ቆዳዋ እየተላጠ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ከዚያም የታሰረችው እሷ ናት።

ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ጽፎ ያስገባው ክስ በመርማሪው ተተርጉሞ ተነቦልኛል። ክሱ ልጅቱ ሁከት አስነሳች ለማለት ሦስት የእንግሊዝኛ ግሶችን ይጠቀማል። መርማሪውን ስጠይቃቸው አንዱ ቃታ ስቦ እንደ መተኮስ፣ አንዱ ክብሪት ጭሮ እንደ መለኮስ፣ ሦስተኛው ፈንጂ እንደ ማፈንዳት መሆኑን፣ ሦስቱም አንድን ነገር ድንገት ማስጀመር ማለት እንደሆኑ አስረድተውኛል። ለሦስቱም ጣት ያስፈልጋል። የልጅቱ ጣቶች ማሽኑ ውስጥ ነበሩ። በዚያን ሰዓት አንድ ነገር ድንገት ያስጀመረ ጣት ካለ ቁልፉ ላይ የነበረው የሙሽራው ጣት ነው።

ዛሬ ወደዚህ ስገባ ሙሽራው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ “እማማ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” ብሎኛል። “የእኔ አፍ ከተከፈተ ቆይቷል፤ ዝንቡም ገብቶ ወጥቷል” ብዬው አልፌያለሁ።

መርማሪው በቃሌ መካከል “ልጅቱ ሠራተኛውን ቀስቅሳለች” ብለው ጽፈው ስላገኘሁት እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል፤ ከስርዙ ጎን ፈርሜያለሁ። “ታዲያ ምን ልጻፍ፣ እናቴ? መቼም ሥራው በራሱ አልቆመም፤ አንድ የጀመረ ሰው መኖር አለበት” ብለውኛል። እንግዲያው ይህ ይጻፍ። ልጅቱ ከቆሰለች በኋላ በመጀመሪያ እጁን ያነሳ ሰው እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ማንም አልገፋኝም። ልጅቱ ባልዲው ላይ አቀርቅራ ስለነበር እጄን ሳነሳ እንኳ አላየችኝም። አውርዱ ሲባልም አላወርድም ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን አነሳዋለሁ።

ይህ ቃል ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ሊያሻግረኝ እንደሚችል መርማሪው አስጠንቅቀውኛል። ገብቶኛል።

ቃሌን የሰጠሁት ሳልገደድና ሳልባበል ነው። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ ስለሆነ አንብቤ እስክጨርስ መርማሪው ጠብቀውኛል። የተጻፈው ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት ነው፤ ከእንግዲህ አንድም ቃል እንዲለወጥ አልፈቅድም። ልጅቱ ትፈታ። በእሷ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ከተፈለገ ለብሼው የማድረውን ነጠላዬን ይዤ መጥቻለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ፈርማለች
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ፈርሟል