አባ ሸረፈዲንና የኮከቦቹ ቀጠሮ

በ1992 ዓ.ም.፣ ኅዳር ሰባት ሮብ ዕለት፣ አባ ሸረፈዲን ከጨፋ ሮቢት ገበያ ሲመለሱ የከሚሴዋን መምህርት ሀዲጃን መንገድ ላይ አገኟቸው። ሰላም ሳይሏቸው ሊያልፉ ፈለጉ። ለምን ቢሉ፣ ልጃቸው ነዋል «አባዬ፣ ነገ ሊነጋጋ ሲል ኮከብ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ወጥቼ ልየው» ብላቸው ነበር። ወይ ኮከብ! የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ለማን እንደምትወጣ እሳቸው ይጠፋቸዋል?

«አካም ጅርቱ፣ አባ ሸረፈዲን? ቤተሰብ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ። መምህርት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ለነዋል ይህን የኮከብ ወሬ የነገሯት እርስዎ ነዎት ወይስ አንድ ጎረምሳ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የሚያስተምሩት ጥንቆላ ነው! ነገን ከአላህ በቀር ማን ያውቃል? እሁድ ለጋብቻ ሽማግሌ ይመጣል። እስካሁን ‹ልጄ ትማር› እያልኩ ስመልሳቸው ነበር። አሁን ግን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ እድራታለሁ!»

መምህርቷ ደነገጡ፤ ግን ቁጣን በቁጣ መመለስ ጠብ እንጂ ፍሬ እንደማያፈራ ያውቃሉ።

«እርስዎ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት አይደሉ? የሌሊቱን ተራ በምን ያውቁታል?»

«በሦስቱ ኮከቦች ነዋ! በዚህ ወር አናት ላይ ሲደርሱ የላይኛው ገበሬ ይዘጋል፣ የታችኛው ይከፍታል። ከአባቴ ጀምሮ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።»

«ታዲያ ጠንቋይ ነዎት?»

«አስተግፊሩላህ! ይህ እኮ ሒሳብ ነው!»

«የእኛም ሒሳብ ነው። አንድ ጅራታም ኮከብ በመንገዱ አቧራ በትኖ ያልፋል። ምድራችን በያመቱ ኅዳር ላይ ያንን መንገድ ታቋርጣለች፤ አቧራው ወደ ሰማያችን ሲገባ እየነደደ ይበራል። ዘንድሮ አቧራው የወፈረበት ቦታ ላይ የምንደርሰው ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ጨረቃም ቀድማ ስለምትጠልቅ ሰማዩ ይጨልምልናል። ደመና ከመጣ ግን አይታይም፤ እሱን አላህ ያውቃል።»

«ሲናገሩት ያምራል። እናያለን» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አላመኑም።

ሌሊቱን ዱላቸውን ይዘው ከጓሮው ማሽላ ውስጥ ተሸሸጉ። አባት መጨነቁ አይፈረድበትም፤ ልጁን ጠይቆ መስማት ሲችል ማድፈጡ ግን ምን ይባላል?

ነዋል ደብተሯን ይዛ ብቻዋን ወጣች። ጎረምሳ የለ፣ ፉጨት የለ። አባ ሸረፈዲን «ይመጣል፣ ይመጣል» እያሉ አጥሩን ሲጠብቁ ማሽላው ድንገት በራ። ቀና አሉ። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ኮከብ ሰማዩን እየሰነጠቀ ይወርዳል።

«ሱብሓነላህ!» ብለው ጮኹ፤ መሸሸጋቸውን ረስተውታል።

«አባዬ! እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«ው... ውሃ ላይ ነበርኩ።» ከዚያ አፈሩ። «አይ፣ ልዋሽሽም። ጎረምሳ ልይዝ ነው የመጣሁት። አውፍ በይኝ ልጄ።»

ነዋል ከፋት፤ እንባዋም መጣ። ግን ሰማዩ ጊዜ አልሰጣትም። «እንግዲያው በቦርከና ወንዝ በኩል ያለውን ይቁጠሩልኝ፤ ለብቻዬ አልቻልኩትም» አለቻቸው። አባትና ልጅ የሱብሂ አዛን እስኪሰማ ቆጠሩ።

መስጊድ ሲደርሱ ሰው «ቂያማ ደረሰ፤ ዓለም ሊያልፍ ነው!» እያለ ይተራመሳል። አባ ሸረፈዲን «ተረጋጉ! ቀኑ የታወቀ ነው፤ ልጄ ቀድማ ነግራኛለች» ብለው አረጋጉት። የትምህርት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ያላወቀ በሚሸበርበት ሌሊት ያወቀ ቆሞ ይቆጥራል፣ ጎረቤቱንም ያረጋጋል።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባ ሸረፈዲን በክብር አስቀመጧቸው።

«ልጄ የሰማዩን ቀን ቆጥራ አሳየችኝ» አሏቸው። «የራሷንም የሠርግ ቀን እሷው ትቁጠረው። በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ።»