ዱባለ ጎል አላገባም

ከኮዝሞ ሲቲም፣ ከቤሪያም፣ ከትሮይቪልም ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የተከበሩ ፓስተር፣ አስከሬኑ ወደ ኤርፖርት ከመሄዱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይስጡኝ። ሙሉቀን ነኝ። ዲላ ላይ ለቡና ድርጅቱ ቡድን ከዱባለ ጋር ተጫውቻለሁ። በደመወዝ ነበር የምንጫወተው፤ እሱ አጥቂ፣ እኔ በረኛ።

ተናድጃለሁ። ለቅሶ ላይ አይቆጡም ትሉኝ ይሆናል። እቆጣለሁ!

አሁን የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምታችኋል። «በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረቱ የፍጻሜ ጨዋታ ሁለት ጎል አስቆጥሮ ቡድኑን ለዋንጫ ያበቃ» ተባለ። ጎል አላገባም! ዋንጫም የለም። ያን ቀን አንድ ለዜሮ ተሸንፈናል። የገባችውም እኔ ላይ ነች።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ዜሮ ለዜሮ ነን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ኮርና በኮርና አድርገናቸዋል፣ ኳሷ ግን አልገባ ብላለች። ዱባለ ከግራ መታ። ኳሷ መረብ ውስጥ ነች! ዳኛው ወደ መሀል አመለከተ። ሕዝቡ ሜዳ ገባ፤ እኔም ግቤን ጥዬ እየሮጥኩ ነው። ዱባለ ግን አልጨፈረም። ወደ ዳኛው ሄደ። «ጌታዬ፣ በጎን ነው የገባችው፤ መረቡ ተቀዷል» አለ። ሄደው አዩ። እውነቱን ነበር። ጎሉ ተሻረ። ከዚያ እነሱ አገቡብን።

ማን አመሰገነው? ማን? ከቡድንም ከሥራም አባረሩት። እናቱ ገበያ ስትወጣ ይሰድቧት ነበር። ከዲላ ያስወጣችው ያች ኳስ ነች። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ከስፓዛ ሱቅ ፍርግርግ ጀርባ ዳቦ ሲሸጥ ያስረጀችው ያች ኳስ ነች።

አቶ ሠረቀብርሃን፣ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ ወረቀቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት። አያውቁም ነበር? ያውቃሉ! ሱቁ በር ላይ ለአንዲት ደንበኛ «ይሄ ሰውዬ የዋንጫ ጎል ያገባ ነው» ብለው ሲያሞካሹት እኔ እዚያው ነበርኩ። ዱባለ የዳቦ ሳጥኑን መሬት ላይ ወርውሮ፣ «በጎን ነው የገባችው! ስንት ጊዜ ልንገርዎት?» ብሎ ጮኸብዎት። ሴትዮዋ «ሃይቦ!» ብላ ደንግጣ ወጣች። እርስዎ ሳቁ። ዛሬ ጠዋት ስጠይቅዎትስ ምን አሉኝ? «ለሟች ትንሽ ቢያምርለት ምናለበት?»

ምናለበት? ከነገ ወዲያ አስከሬኑ ዲላ ይገባል። ይሄ ወረቀት እዚያ ሊነበብ ነው። ያን ጨዋታ ያዩ ሰዎች ደግሞ በሕይወት አሉ! አንዲት ውሸት አልቀበልም ብሎ የተሰደደ ሰው፣ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ውሸታም ይባል? ልጁስ አጠገቡ ቆማ ሲስቁበት ትስማ?

አይሆንም። ፌቨን፣ ልጄ፣ አባትሽን ይዘሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ወረቀቱን ወዲህ አምጪ። እግዜር ይስጥሽ።

ይኸው ቀደድኩት። ማንም ይቀየመኝ። እዚያ ስትደርሺ ቀና ብለሽ ቁሚና እውነቱን በአፍሽ ንገሪያቸው።

ዱባለ፣ ወንድሜ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ሲሰድቡህ ዝም አልክ፣ ሲያባርሩህ ዝም አልክ፤ ዛሬ እንኳ እኔ ልጩህልህ። ደህና ሁን። ያላገባኸውን ጎል ሳትሸከም አገርህ ግባ።