የዘውዱ ገና

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ውይ፣ ይሻው! ወንድምዓለም! ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ እኮ። … የጓደኛህ ስልክ ነው? እህ! … አንተም እንኳን አብሮ አደረሰህ! እንኳን ለስህተቱ በሰላም አደረሰህ!

— አዎ፣ እያከበርን ነው። ሁሉም ኮቱን ገልብጦ ለብሷል፤ ድንቹ ተቀቅሏል፤ ዶሮ ወጡም ተከድኖ ተቀምጧል። … ኧረ አልተነካም! መጀመሪያ ድንች ነው። ሐዋሳ ገብተህ ሥርዓቱን ረሳኸው እንዴ?

— ቆይ አንዴ … ብርቱካን፣ ያን ቴሌቪዥን ቀንሺልኝ፣ አጎትሽ ነው! … ሳሚልኝ ትልሃለች።

— ማነው አጠገብህ የሚስቅ? … የሥራ ጓደኞችህ? ምኑ አሳቃቸው? … «ገና ትናንት አለፈ፣ የምን በዓል ነው» ብለው? አልነገርካቸውም? አፈርክብን እንዴ! ስፒከር ላይ አድርገኝ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። … አደረግኸው? እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆች! እኔ እህቱ ፈንታነሽ ነኝ፣ ከደብረ ታቦር።

— ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ጉና ተራራ ሥር ነበር የምንኖር። ዘመኑ ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ። መቼም በዘመነ ዮሐንስ ገና ሃያ ስምንት ነው የሚውል፣ ይህን ታውቃላችሁ። … አታውቁም? እንግዲያው የአባቴ ወገን ናችሁ! ቄሱ አውጀዋል፣ ጎረቤት በጉን አስሯል፤ አባዬ ግን «ገና ሃያ ዘጠኝ ነው፣ ከጥንት ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ቄሱ ተሳስተዋል» ብለው ድርቅ! አገሩ ሥጋ ሲጠብስ እኛ የጥብሱን ሽታ እያሸተትን ድንች ቀቅለን ጾምን። … አዎ፣ ልጅ ጭምር!

— በነጋው ነጫችንን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ፣ ከዘበኛው በቀር የሰው ዘር የለ። ዘበኛው አየን፣ አየንና «አያ ዘውዱ፣ ለጥምቀት ቀድመው መጡ እንዴ?» አይላቸው መሰላችሁ! … ሳቁ፣ ሳቁ! እኛ ግን ያኔ መሳቅ የት ተፈቅዶልን።

— ቤት ተመለስን። አባዬ መደቡ ላይ ቁጭ። ኋላ እናታችን ጌጤ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ገናው ቢያመልጠን ጨዋታው አላመለጠንም» አለችና የአሥር ዓመት ስሞታዋን ዘረገፈችው! እኛም ተከተልን። አባዬ መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፣ ኋላ ሳቅ ፈነቀላቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በገና ማግስት፣ ለስህተቱ ምልክት ኮታችንን ገልብጠን ለብሰን፣ ድንች እየበላን ስሞታችንን ፊት ለፊት እንነግራቸዋለን። ጎረቤት «የዘውዱ ገና» አለው። … ቄሱማ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ሁለት ጊዜ ስሞታ አሰምተዋል! … አሜን፣ ለእናንተም!

— በል አሁን ከስፒከር አውጣኝ። … አወጣኸኝ? እስቲ ፈቀቅ በል፣ የምነግርህ አለ።

— አባዬ ደኅና ናቸው፣ አትደንግጥ! … ሕመሙ አይደለም። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት አይቷቸው የደም ግፊታቸው ወርዷል ብሏል። … ምን መሰለህ፣ አኩርፈዋል። በዓሉን ጥለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

— በምን? በስሞታ ነዋ! … አይ፣ በዝቶባቸው አይደለም፤ አጥተው! … አትሳቅ ይሻው፣ እኔ እየሳቅሁ አይደለም። እንደ ወጉ ተሰበሰብን። መጀመሪያ ባለቤቴ ሙላቴ ተነሣ። አምና ምን እንዳለ ታስታውሳለህ? «ልጅዎን ሊድሩልኝ ብለው በዚያ በጉና ቁር ሦስት ቀን አሳረሱኝ፣ በአራተኛው ቀን ለመሆኑ አንተ ማነህ አሉኝ» ብሎ በሳቅ የገደለን ሰው! ዘንድሮ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባባ፣ ጤናዎን ይስጥልን እንጂ ስሞታስ የለኝም።» … አዎ! ብርቱካንም «እኔም የለኝም»። ጎረቤታችን ጥሩወርቅ እንኳ፣ ያቺ ምላሷ ሚጥሚጣ የሆነችው፣ «ኧረ አያ ዘውዱ ምን በድለውኝ!» አለች።

— እኔ? … እኔም ያው ነኝ፣ አልዋሽህም። ከመስከረም ወዲህ፣ ከጉና አምጥቼ እኔ ዘንድ ካስቀመጥኳቸው ወዲህ እንዴት እንደከሱ አላየህም። ልናገር ተነሥቼ ፊታቸውን ሳየው ግን፣ «ዕድሜ ይስጥልን» ብዬ ቁጭ።

— ያኔ አንድ በአንድ አዩን። «ሙት ወቃሽ አያድርገን ብላችሁ ነው፣ አይደል? ቀብራችሁኛል፤ ድንቹም ተዝካሬ ነው» አሉ። «ይህ በዓል ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል» ብለው ገቡ። … ብንለምን፣ ብንለምን አልተነሡም። እኔ ፈራሁ ይሻው። ሰው ከእንግዲህ ማንም አይፈልገኝም ካለ፣ ሐኪም ምን ያደርግለታል?

— ስለዚህ አንተ ስሞታ አምጣ! … አሁን ነዋ! … ምን ሕመምተኛ ሕመምተኛ ትለኛለህ! ሐኪሙ ጨው ቀንሱ አለ እንጂ ስሞታ ቀንሱ አላለም! … በስልክ አይሰሙህም፣ ጆሯቸው ከብዷል። አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጮህላቸዋለሁ። ይኸው፣ በሩን ከፍቻለሁ።

— አባዬ! አባዬ፣ ይሻው ነው ከሐዋሳ! ስሞታ አለኝ ይላል! … አልዞሩም። በል ቀጥል። … አባዬ፣ «በልጅነቴ ትንሽ ትንሹን ድንች እየመረጡ ይሰጡኝ ነበር» ይላል! … አይ፣ እጃቸውን አወናጨፉ። «ይህ የልቅሶ ቤት ወሬ ነው» አሉ።

— አየህ፣ የውሸቱን ያውቁታል። የምርህን አምጣ፣ የሚቆረቁርህን። … የለኝም አትበለኝ! በአንድ መደብ ተኝተን አድገን፣ አንተን አጣሁህ? … ይሻው? … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … እህ፣ አለህ። የተቋረጠ መስሎኝ።

— የቱ? … የጋፋቱ የገና ጨዋታ? … ውይ ወንድሜን! ያን እስከ ዛሬ ይዘኸዋል? … እሺ፣ በል ቀስ ብለህ ንገረኝ።

— አባዬ፣ ይስሙት! ጋፋት መንደር ወርደን ከመንደሩ ልጆች ጋር ገና የተጫወትን ጊዜ ይላል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር ይላል። … ያቺን ሩር፣ የእንጨቷን ኳስ፣ ከመሀል ሜዳ መትቼ አገባኋት ይላል። … ሰው ሁሉ ጮኸ፣ ትከሻ ላይ አነሡኝ። … እኔ ግን ዓይኔ የሚፈልግ እርስዎን ነበር ይላል። … እሺ፣ ከዚያስ? … እርስዎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ልጁ ምን አደረገ? ሜዳው ቁልቁለት ነው፣ ሩሯ ራሷ ተንከባልላ ገባች» አሉ ይላል። … ከዚያ ወዲያ የገና ዱላ በእጄ አልያዝሁም ይላል። … ይሻው? እያለቀስክ ነው? … አይደለም? እሺ፣ አይደለም።

— ቆይ … ቆይ! ዞሩ! ከግድግዳው ዞሩ! … «ቁልቁለት ነበር» እያሉ ነው!

— አባዬ፣ ቀስ! ጫማዎን! … ተነሡ ይሻው፣ ተነሡ! ሙላቴ፣ ደግፋቸው! … አይ፣ አልደገፍም፣ ከዘራዬን አምጡ ይላሉ። … ከዘራውን እንደ ገና ዱላ ይዘው ወለሉ ላይ ቁልቁለቱን እያሳዩን ነው! … የምን ቀልድ፣ የምራቸውን ነው! «ከግራሩ እስከ ወንዙ ቁልቁል ነው፣ የጋፋት ሽማግሌ ይጠየቅ» ይላሉ። … ምን ልበላቸው? … አባዬ፣ «ደልዳላ ሜዳ ነበር» ይላል! … እሰይ! «ውሸታም» አሉህ! ውሸታም አሉህ እኮ፣ ደስ አይልም?

— ቆይ … አሁን ቁጭ አሉ። አባዬ፣ ምነው? ደከመዎት? … እ? … ቆይ ይሻው፣ ዝግ ብለው ነው የሚናገሩ። … «ያን ቀን አጠገቤ የቆመው ሁሉ የማን ልጅ ነው፣ የማን ልጅ ነው ይል ነበር» አሉ። … «ያን ሁሉ ዓይን አየሁ» አሉ። … «ከአንተ በፊት አንድ ቀብሬያለሁ» አሉ። … አዎ፣ ታላቃችንን፣ ምስጋናን። አንተ አልደረስክበትም፤ እሱንም ያየው ሁሉ ያደንቀው ነበር። … «ዓይን እንዳይበላብኝ ነው ልጄን ያጣጣልሁት» አሉ። … «ቤት ገብተህ እንቅልፍ ሲወስድህ ያቺን የመታህባትን እጅህን ስሜያታለሁ» አሉ።

— … አልቅስ፣ ግድ የለም። እኔም እያለቀስሁ ነው። … ሁላችንም ነን። ጥሩወርቅማ በገለበጠችው ኮት ገበር አፍንጫዋን እየጠረገች ነው።

— እ? ምን አሉ አባዬ? … ኧረ ጉድ! ይሻው፣ «ቢሆንም ቁልቁለት ነበር» አሉ!

— ኧረ ተው፣ ቤቱ ተቀወጠ! ሙላቴ «ስሞታዬን ረስቼው ነበር» ብሎ ተነሣ! ጥሩወርቅ ደግሞ «ቅዳሴ ላይ እያንኮራፉ ወንጌል አላሰማ አሉኝ» አለች! … «ተራ ያዙ፣ መጀመሪያ ይህን የሐዋሳ ውሸታም ልጨርስ» ይላሉ አባዬ! … እኔም አለኝ እንጂ፣ የኔማ ስትመጣ የምትሰማው ነው!

— ስልኩን ስጪኝ እያሉ ነው። … አባዬ፣ አይሰማዎትም እኮ! … ሰማህ? «እኔ ልናገር እንጂ ልስማ መች አልሁ» አሉ! በል ያዝ፣ ልሰጣቸው ነው። ደኅና ሁን፣ የኔ ጌታ!

— በዚህ በኩል አባዬ … ገልብጠውታል፣ እንዲህ … እ፣ አሁን ይናገሩ።

— … ሙላቴ፣ እያቸው እስቲ። ድምፃቸውን ትሰማለህ? እኒህ ናቸው ጠዋት ውኃ አቀብሉኝ ለማለት አቅም ያጡት?

— … ምን ትጠቅሺኛለሽ፣ ብርቱካን? … ስልኩ? … ጠፋ? መቼ ነው የጠፋ? … ገና ሲይዙት? … ውይ፣ ቻርጁ አልቆ ነው! … እስስ! ዝም በሉ ሁላችሁ! ማንም እንዳይነግራቸው፣ ገና ጋፋት መሀል ሜዳ ናቸው።