ቦኖው አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ከአርባ ምንጭ ወደ ኦቾሎ የምትወጣው መኪና ጎማዋ ፈንድቶ ዳገቱ ላይ ባታስቀምጠን ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁ ነበር። አስተማሪ ነኝና ሰው ሲከራከር ጣልቃ መግባት ይቀናኛል፤ የዚያን ቀን ግን አፌን ዘግቼ ማዳመጤ በጀኝ።

ተከራካሪዎቹ አብረውኝ የተሳፈሩት፣ አቶ ኦይታ የሚባሉ የመንደር ሽማግሌና በሕግ የተመረቀችው የወንድማቸው ልጅ መክሊት ነበሩ።

«ራስን በራስ ማስተዳደር ይሉናል!» አሉ አቶ ኦይታ መሬቱን በከዘራቸው እየወጉ። «ባለፈው ወር ሚስቴ ፀዳለ ከቁልቁለቱ ምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። የመንደሩ የውሃ ቦኖ ይነሳልን ብዬ ዞን ብወርድ፣ ‹ቦታውን የመረጠው የእናንተው ጉባኤ ነው፤ እዚያው ተመካከሩና ኑ› ብለው መለሱኝ። ታዲያ ዞን የሆነው ለምንድን ነው?»

«እንዲህ ብሎ እንዲመልስዎት ነዋ፣ አጎቴ» አለች መክሊት ፈገግ ብላ። «ለመሆኑ ቦኖ እያለ እትዬ ፀዳለ ለምን ቁልቁለት ወረዱ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ፣ ወደ እንግዳው ዞረው አስረዱኝ። ቦኖው የተተከለው ዱቡሻው ላይ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በሚመክሩበት አደባባይ ዳር ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ ሴት በዚያ ብታልፍ ነውር ነው። ስለዚህ ጉባኤ በዋለ ቁጥር ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ድሮው ምንጭ ይወርዳሉ።

«ቦታውን ስትመርጡ ሴቶቹን ጠይቃችኋል?»

«ሴት በዱቡሻ አትናገርም፣ ልጄ። አባቶቻችን ዞንም ወረዳም ሳይኖር በዚህ ሥርዓት ራሳቸውን አስተዳድረዋል።»

«እኔም እኮራበታለሁ። ግን ሩቅ ያለ ሹም ሳይጠይቀን ቢወስንብን ምን እንላለን?»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንላለን። ንቀት ነው!»

«እናንተስ ውሃ የምትቀዳዋን ሳትጠይቁ ስትወስኑባት?»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ሽማግሌ መዝለፍ ነው?» አሉ ተቆጥተው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን የቱ ይበልጥ ነውር ነው? እትዬ ፀዳለ በፊታችሁ ማለፋቸው ወይስ እናንተ ስትመክሩ ገደል መውደቃቸው?»

አቶ ኦይታ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ጩኸት ሰምቼ ነበር» አሉ። «ጉባኤ አይቋረጥም ብዬ አልተነሳሁም። የእሷ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ተሸክሟት ሲመጣ ነው።»

ጎማው ተቀይሮ መኪናዋ ስትነሳ፣ ፀዳለ ስለ ቦኖው እንድትናገር ራሳቸው ዱቡሻ ሊያቀርቧት ቃል ገብተው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉባኤው ላይ እንድገኝ ተጋብዤ ሄድኩ። ወይዘሮ ፀዳለ በምርኩዝ ቆመዋል። ከሽማግሌዎቹ ያጉረመረመ አልጠፋም፤ አቶ ኦይታ ግን ተነስተው «የተሰበረው የእሷ እግር ነው፤ ትናገር» አሉ። ከዚያም «ቦኖውን ወዴት እናንሳው?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ።

«ለምን ይነሳል?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «ቧንቧ ከምትነቅሉ እኛን አሳልፉን።»

ይህን መልስ ከወንዶቹ አንድም ያሰበው አልነበረም። እኔም ብሆን አላሰብኩትም፣ አፍሬያለሁ። ራሱን የሚያስተዳድር ሕዝብ ችግሩን የሚያውቀውን ሰው ከጠየቀ፣ ዞን ድረስ ሳይመላለስ እቤቱ መላ ያገኛል፤ የሴቶቹም እግር ይተርፋል።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ ሴቶቹ እንዲያልፉ ተስማምተው መረቁ። ገና ከመቀመጫቸው ሳይነሱ አንዲት ሴት ጀሪካኗን ይዛ፣ እየፈራች፣ ወደ ቦኖው መጣች። አቶ ኦይታ እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት።