የቤት ሰው ይጠብቅ

ሽንኩርት ሊገዛ ማዕከላዊ ገበያ የወረደው ሽመክት፣ ዋለልኝን ከሌላ ሰው ምግብ ቤት ጥርሱን እየጎረጎረ ሲወጣ ፊት ለፊት አገኘው። ዋለልኝ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከወደብ እየጫነ አዲስ አበባ በተመላለሰባቸው ዓመታት፣ በወደቡ ከተማ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ካለው ከሽመክት ምግብ ቤት ሌላ ደጅ ረግጦ አያውቅም ነበር። የድሮ ደንበኞች አንድ በአንድ ቀርተው ቤቱ ወደ መዘጋት ባዘነበለበት ሰዓት ይህን ማየት ለሽመክት ክህደት ነበር።

«የእኔ ቤት ምን ጎደለው ወንድሜ?» አለ በትሕትና። ትሕትና የሚቀናው በጣም ሲናደድ ነው።

ዋለልኝ ነገሩን ዘረገፈው። ባለፈው፣ በዚያ ሙቀት ከመኪናው ወርዶ ሲቀመጥ፣ በሰው ቁጥር እየተከፈለው ደንበኛ የሚያመጣው ደላላ ከይረዲን ላመጣቸው አዳዲስ ሹፌሮች ጥብስና ቀዝቃዛ ውሃ በነጻ ይቀርባል። እሱ ሲጠይቅ «አንተማ የቤት ሰው ነህ፣ ጠብቅ» ተባለ። ጠበቀ። ጥብሱ አለቀና የቀዘቀዘ ሽሮ መጣለት።

«የቤት ሰው ማለቴ እኮ ማክበሬ ነው!»

«ክብሩስ ደርሶኛል ጋሽ ሽመክት። ጥብሱ ነው ያልደረሰኝ።»

ድሬዳዋ ንግድ የተማረችው የሽመክት የእህት ልጅ ትርሲት ዘንቢሉን ይዛ ትሰማ ነበር። ሽመክት መንገዱን ሙሉ ስለ ውለታ ቢስነት ሲያማርር ግን አላስቻላትም።

«አጎቴ፣ ከይረዲን ካመጣቸው ውስጥ ተመልሶ የመጣ ማን አለ?»

ሽመክት አሰበ። አሰበና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አነሳ።

«አዲስ ደንበኛ አይጥሩ አላልኩም» አለች ትርሲት። «ግን ለአንድ ቀን ምሳ ለሚመጣ ሰው ከሚከፍልዎት በላይ ያወጡበታል። ዋለልኝ በየጉዞው እየመጣ ገና ለዓመታት የሚበላውን ደግሞ በአንድ ሳህን ጥብስ ጣሉት። ሰውን በዛሬ ምሳው ብቻ አይመዝኑት።»

«ከእኔ ጋር ያልደከምሽበትን ንግድ አታስተምሪኝ» ብሎ ዘጋት።

በሳምንቱ ከይረዲን ሹፌሮች እየነዳ መጣ። ሽመክት እንደ ልማዱ በር ላይ ራስ ቆጥሮ ኮሚሽኑን ከፈለ። ፊታቸውን ያየው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ዋለልኝ መሀላቸው ጥብሱን እየጎረሰ ነበር።

«ለእንግዳ ጥሩ ቤት ነው» አለ ቀዝቃዛ ውሃውን እየተጎነጨ።

ሽመክት የገዛ ደንበኛውን በደላላ ገዝቶ ኩሽና ገባ። ትርሲትንም ጠርቶ «እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ከይረዲን የሚከፈለው ያመጣው ሰው ሁለተኛ ሲመለስ ብቻ ሆነ። እሱም ብዙ አልቆየም፣ ቀረ። ለነጻ ግብዣ ይፈስ የነበረው ሥጋ ለተመላላሾቹ ድስት ተረፈ። የድሮዎቹም ወሬውን ሰምተው፣ ጓደኞቻቸውን ያለ ደላላ እያስከተሉ ተመለሱ።

ዋለልኝ በመጣ ጊዜ ግን ልማድ ሆኖበት ጥግ ይዞ ተቀመጠ። «እኔ የቤት ሰው ነኝ፣ እጠብቃለሁ» አለ።

ሽመክት ትኩሱን ጥብስ ፊቱ አኖረለት። «የቤት ሰው ከሆንክማ ቀድመህ ብላ።»