ባለ ሸራዋ ጀልባ ከደሴቱ ጥግ ስለ ቆመችበት ምክንያት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጣሂራ ዓሊዩ
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ሚኤሶ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ የቅቤና የማሽላ ንግድ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት 11 ቀን 1975 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ዘገየ ገብሬ

ተጠርጣሪው ጂብሪል ዓሊዩ የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። የሚኖረው አሰብ ሲሆን በአንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ዓሣ እያጠመደ ይተዳደራል። ወደ የመን ሊኮበልል ሲል ከደሴት ጥግ ተደብቆ ተያዘ በመባሉ፣ በዚያን ጊዜ አብሬው ስለነበርኩ፣ ወደ ሚኤሶ ከተመለስኩ በኋላ እዚህ ተጠርቼ ያየሁትን እመሰክራለሁ።

ባለፈው ጥር ወር ሚስቱ ኩብራ ወንድ ልጅ ስለተገላገለች፣ ለአራስ ጥየቃ በጭነት መኪና ከሚኤሶ አሰብ ወረድኩ። እስከዚያ ድረስ ባሕር አይቼ አላውቅም። ወንድሜም፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽማ ከዳር አይተሽው አትመለሺም ብሎ እሑድ ጠዋት በጀልባው ይዞኝ ተነሣ። ኩብራና ሕፃኑ ቤት ቀሩ።

ሸራው ነፋስ ሲሞላ ጀልባዋ እንደ ተፈታ ወይፈን ዘለለች። ስለ ባሕሩ በአጭሩ እንድናገር ተነግሮኛል፤ ነገር ግን በአጭሩ የሚነገር አይደለም። አንዱን ደሴት ስናልፍ ሌላው ብቅ ይላል። አንደኛው ላይ አሸዋው እንደ ፉርኖ ዱቄት ነጭ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ዛፉ ሥሩን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ ለምልሟል። ሰፌድ የምታህል ኤሊ ከጀልባዋ ሥር ስትዋኝ በዐይኔ በብሌኑ አይቻለሁ! ወላሂ፣ በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። (ምስክሯ እዚህ ላይ እልልታ ስላሰማች፣ ያለችው ፖሊስ ጣቢያ መሆኑ ተነግሯት ቀጥላለች።)

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነፋሱ በርትቶ ማዕበል ተነሣ። ጂብሪል ወደ አንድ ደሴት ጥግ ወስዶን ድንጋይ በግራና በቀኝ ካቀፈው ወሽመጥ አስገባን፤ ሸራውን አውርዶ መልሕቅ ጣለ። ውጭ ባሕሩ እየጮኸ፣ እኛ ያለንበት ውኃ እንደ ረጋ ወተት ጸጥ ያለ ነበር። ሸራ ማውረድ መደበቅ አይደለም ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ በዚያ ነፋስ ሸራው ሳይወርድ ቢቀር ምሰሶው ይሰበር ነበር ብያለሁ። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ነፋስ ሲከፋ እዚያ ያድራል።

ለአንድ ቀን ሽርሽር ያ ሁሉ ጀሪካን ውኃና አንድ ቅል በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ለምን ተጫነ ተብዬም ተጠይቄአለሁ። የጫንኩት እኔ ነኝ። ወንድሜማ «አቦ ጣሂራ፣ ግመል ልታጠጪ ነው እንዴ? ጀልባዋን ልታሰምጫት ነው!» እያለ ሊያወርደው ሲል ተቆጥቼ አስቀረሁት። እኔ ድርቅ ያየሁ የሚኤሶ ሰው ነኝ፤ ጎረቤት ስሄድ እንኳ ውኃ እይዛለሁ። ባሕሩ አይጠጣም ከተባልኩ በኋላማ ባዶ እጄን እንዴት እወጣለሁ? የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ እዚያው አደርን።

ሰኞ ሲነጋ የጥበቃ ጀልባ ወደ ወሽመጡ ገባች። የሚሸሽ ሰው ይሸማቀቃል፤ እኔ ግን እንግዳ መጣልን ብዬ ሻሼን አውለበለብኩ። ጂብሪልም ገመድ ወርውሮ ጀልባቸውን ከጀልባችን ጋር አሰረላቸው።

በመጨረሻም በኤግዚቢትነት ከተያዙት ጀሪካኖች አንደኛው ለምን ባዶ እንደሆነ ተጠየቅሁ። ጠባቂዎቹ ሞተራቸው ተበላሽቶ ሌሊቱን ማዕበል ሲያንገላታቸው አድሮ፣ ውኃ አልቆባቸው ከንፈራቸው ደርቆ በመቅዘፊያ እየቀዘፉ ነበር የደረሱት። ጂብሪል ማን እንደሆኑ ሳይጠይቅ ጀሪካኑን አንሥቶ አንድ በአንድ አጠጣቸው። እጁን ያሰሩት ጠጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ቃሌ ከላይ እስከ ታች ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ስለ ባሕሩ የተናገርኩት አብዛኛው ሳይጻፍ ከመቅረቱ በስተቀር፣ የተጻፈው ሁሉ ያየሁት እውነት መሆኑን በአላህ ስም ምዬ ጣቴን አኑሬአለሁ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ ጣሂራ ዓሊዩ
የመርማሪ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ዘገየ ገብሬ