ያልታየው ግራ ክርን

ጋሼ መሳፍንት፣ ወይዘሮ የብርጓል፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወደዚህ የጡረታ መሸኛ እንኳን በደህና መጣችሁ። አጭር አድርጊው ተብያለሁ። ያለኝ ሰው ግን ስለሚያውቀኝ ብዙም ተስፋ አላደረገም።

ጋሼ መሳፍንት ከደምበጫ ተዛውረው የመጡ ዕለት ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያገኙት እኔን ነው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ "ሰልፍ ይያዙ" አልኳቸው። ያዙ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ተራቸው ሲደርስ "ምንዎን ነው የሚያምዎ?" ብላቸው፣ "ምንም አያመኝም፤ አዲሱ የራጅ ባለሙያ ነኝ" አሉኝ።

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"በሽተኛው ምን ያህል እንደሚቆም ልየው ብዬ ነው።"

በልቤ፣ ይሄ ሰውዬ ሊያስቸግረን ነው አልኩ። አስቸገሩንም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ከመካከላችን ያልተቸገረ ማን አለ? ሰላም ሲሉን የሚያዩት ፊታችንን ሳይሆን ክርናችንን ነው። ዘመነ፣ እዚያ ጋ የተቀመጥከው፣ አንተው መስክር። በሠርግህ ቀን ሙሽሪትን ኬክ ስታጎርስ እኛ እናጨበጭባለን፣ እሳቸው በጆሮዬ "ክርኑ በደንብ አይዘረጋም፤ ሰኞ ይምጣ" ይሉኛል። ሙሽራውም ሰኞ መጣ።

የጄሉን ነገርማ ታውቃላችሁ። የደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ እንዴት እንደሚቆረጥም ለእናንተ አልነግርም። አልትራሳውንዱን ከመጀመራቸው በፊት ክንድ ላይ የሚቀባውን ጄል ከነጠርሙሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቆዩታል። "ክንድ ከበረደው ይሸማቀቃል፤ የተሸማቀቀ ክንድ እውነቱን አያወጣም" ይላሉ። አንዲት የይጁቤ እናት ሙቀቱ ቢጥማቸው "ልጄ፣ ያንንም ክንዴን ቀባልኝ" ብለዋቸዋል።

ያንንም ክንድ ባይለመኑም ያዩት ነበር። ለበሽተኛው ሁሉ ቁጭ ብለው ያስረዳሉ፤ "ክርን ውስጥ ስስ ሽፋን አለ። እሱም እንደ ሸሚዝ እጅጌ እጥፋት አለው። እጥፋቱ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይገኛል። የሚያመው ወፍሮ በአጥንትና በአጥንት መካከል ሲቆነጠጥ ነው፤ ጨርቅ በር ላይ እንደሚያዘው።" ስለዚህ ክንዱን አስተኝተው ብቻ አይተው አያውቁም። "እጠፉት፣ አሁን ዘርጉት" እያሉ እጥፋቱ ሲገባ ሲወጣ ይከታተላሉ። ከዚያ ደህናውን ክርን ያያሉ። መዝገባቸው ላይ ቀኝ እና ግራ የሚል አለ፤ አንዱ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ከአንድ ቀን በቀር። ዛሬ ልናገር የቆምኩትም ስለዚያ ቀን ነው።

"የመሳፍንት ግራ ክርን" የምትሉትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለአዲስ ሠራተኛ ማስተማሪያ አድርጋችሁታል። የምታውቁት ግን ግማሹን ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መሪጌታ አካለ ወልድ ከደብረ ወርቅ መጡ፤ ስማቸውን እንድጠራ ፈቅደውልኛል። አቋቋም ያስተምራሉ። ቀኝ ክርናቸውን ስላመማቸው መቋሚያ ማንሣት አቅቷቸዋል። ጋሼ ቀኙን አዩና እጥፋቱ ወፍሯል አሉ። ማሳጠፍ ማስዘርጋቱን ሊጀምሩ፣ ከዚያም ወደ ግራው ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ቆሜ ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰልፉ ግቢውን ሞልቶታል። "ጋሼ፣ ያመማቸው ቀኙ ነው፤ ግራው ምን ያደርግልዎታል? ሕዝቡ እኔን ሊበላኝ ነው" አልኳቸው። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። በመጨረሻ ማሳጠፉንም ግራውንም ተዉት።

መሪጌታ እጥፋቱ ወፍሯል የሚለውን የምርመራ ወረቀት ይዘው ሄዱ። ሌላ ከተማ ለሳምንቱ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተሰጣቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መዝገቡን ገለጡና "ታየች፣ ግራው የታለ?" አሉኝ። የመሪጌታ ስልክ ቢሞከር አይሠራም። ጋሼ ያኔውኑ ሚኒባስ ተሳፍረው ደብረ ወርቅ ሄዱ። የሆነውን በኋላ መሪጌታ ነግረውኛል። በተማሪዎቻቸው መሐል አግኝተዋቸው "ተሳስቻለሁ፤ ግራዎን አላየሁም" አሏቸው።

"ያመመኝ ቀኙ፤ ግራው ምን አጠፋ?"

"ግራው ምስክር ነው" አሉ ጋሼ።

ሰኞ መሪጌታ ተመለሱ። ግራቸው ላይ ያው እጥፋት፣ ያው ውፍረት ተገኘ። "ይሄኛው አሞዎት ያውቃል?" ሲሏቸው "አንድ ቀን እንኳ" አሉ። ቀኙን በቀስታ አሳጠፏቸው፣ አስዘረጓቸው፤ እጥፋቱ ሳይቆነጠጥ ይገባል፣ ይወጣል። ሕመሙ ከውጭ በኩል ካለው ጅማት ነበር። ቀዶ ጥገናው ቀረ፤ ዕረፍትና የክንድ እንቅስቃሴ ታዘዘላቸው። ከአራት ወር በኋላ መቋሚያቸውን አነሡ።

እኛ ጋ ግን ስብሰባ ተጠራ። "ግራው ለምን አልታየም?" ተባለ። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። የደረጃ ዕድገቴ በዚያው ሳምንት ሊታይ ነበር፤ ጋሼም ይህንን ያውቃሉ። ተነሡ፣ "ስህተቱ የእኔ ነው" አሉና ተቀመጡ።

ኮሪደሩ ላይ ደርሼባቸው "ለምን አልነገሯቸውም?" አልኳቸው።

"መሣሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንቺ በር ላይ ነበርሽ።"

ዕድገቴን አገኘሁ። ታሪኩም በእሳቸው ስም ብቻ ሲወራ ስድስት ዓመት ሰማሁ፤ አንዳንዴ አብሬያችሁ ሣቅሁ። የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው።

ጋሼ፣ ራስዎን እየነቀነቁ ነው፤ ተይው ማለትዎ ነው። አልተወውም። ከዚህ ቤት የእኔን ጥፋት ተሸክመው አይወጡም። እናንተም ከእንግዲህ ለአዲስ ሠራተኛ ስትነግሩ፣ ያጣደፈቻቸው ታየች ናት በሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ስህተታቸውን ሊናገሩ ደብረ ወርቅ ድረስ የሄዱት ጋሼ መሳፍንት ናቸው በሉ። እኔን በር ላይ ቆሞ መታገሥ ያስተማረኝ የእርስዎ ዝምታ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይህንን ፊት ለፊትዎ ማለት በመቻሌ ዛሬ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ወይዘሮ የብርጓል፣ በሉ ባለቤትዎን ይረከቡን፤ ለእርስዎ ያልተረፈውን ጊዜያቸውን ሁሉ መልሰናል።

ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ ውሃ የያዘ ውሃውን ያንሣ። ጋሼ መሳፍንት፣ ከእንግዲህ ጠዋት የሚቀሰቅስዎ እንቅልፍ መጥገብ ይሁን። ደጅዎን የሚያንኳኳ ሁሉ ለጨዋታ እንጂ ለሕመም አይምጣ። ለጤናዎ፣ ደግሞም ለንጹሕ ስምዎ።